መኪና የሚያስመኘን ምንድን ነው?

«መኪና ቢኖረኝ» ያላላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ምኞቱን «ዓለማዊነት» ብለን ከመገሠጻችን በፊት ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ።

አዲስ አበባን ተመልከቱ። ሰፈሩ የፈረሰበት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ቤተሰብ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደ፤ ሥራውና ዘመዱ ግን መሐል ከተማ ቀሩ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር እነዚህ ሰፈሮች ድረስ አይሄድም። ከንጋቱ 12 ሰዓት የታክሲ ሰልፍ የያዘች እናት፣ አምሽታ ከሥራ የምትመለስ እኅት መኪና ብትመኝ ቅንጦት የሚላት ማን ነው?

ደፍረን የማንናገረው ሌላ ምክንያትም አለ። ባለ መኪና ሲመጣ ዘበኛው ሮጦ በር ይከፍታል፤ በእግሩ የመጣው «ማንን ፈልገህ ነው?» ይባላል። (በቤተ ክርስቲያን ግቢም ጭምር! ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ስለ መቀመጫ የጻፈውን አስታውሱ።) ብዙ ሰው ዕዳ የሚገባው ለዚያች አክብሮት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሰልፉ ነው። አቅም ያለው ሁሉ ከሰልፉ ሲወጣ ስለ ሰልፉ ማን ይናገራል? ቢናገር የሚደመጠው ሰው መስኮቱን ዘግቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። መኪናው መንገዱን ሲያጣብብ አውቶቡሱ ይዘገያል፤ የአውቶቡሱ መዘግየት ደግሞ ሌላውን ሰው መኪና ያስገዛዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ጭሱ ይቀንስ ይሆናል፣ የኤሌክትሪኩም መኪና ግን መንገድ ላይ ያንኑ ቦታ ይይዛል።

ነገ መኪና ብትገዙ፣ አራቱ ባዶ ወንበሮች የማን ናቸው? ከሰልፉ ከወጣችሁ በኋላስ ስለ ሰልፉ ትናገራላችሁ?