አስታማሚው ማን ነው?

በቋንቋችን ከማደንቃቸው ቃላት አንዱ «አስታማሚ» ነው። የሚያክመው ሐኪሙ ነው፤ አስታማሚው ግን ምግብ አመላላሹ፣ ደግፎ ሽንት ቤት አድራሹ፣ ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፎ አዳሪው ነው። የሀገራችንን ሆስፒታል ያየ ሰው የሥራውን ግማሽ ማን እንደሚሠራው ያውቃል። ደመወዝ የለው፣ ፈረቃ የለው! በሽተኛው ከሆስፒታል ሲወጣም የእሱ ሥራ አያልቅም።

የዛሬው ጥያቄዬ ከዚሁ ቃል ይነሳል። ሰው ለሌላ ሰው ሲሠራ ቢጎዳ ወይም ቢታመም፣ አስታማሚው ማን መሆን አለበት? እስከ መቼስ?

ሕጋችን መልስ አለው፤ መልሱም ብዙ ሰው ከሚገምተው ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው፣ ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። የሕክምናውን፣ የመድኃኒቱን፣ አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ አካሉን ወጪ ይችላል። ሠራተኛው ከሥራ ለቀረበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። በድምሩ አንድ ዓመት መሆኑ ነው።

ገላ ግን እንደ መዝገብ ቤት ዓመት ቆጥሮ ፋይል አይዘጋም። በካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሥራ ያስፈታ ጉዳት የደረሰባቸውን ሠራተኞች ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ጉዳቱ ካለፈ ከዓመታት በኋላም ሐኪም ዘንድ የሚመላለሱት ከሌላው ሰው ይበልጥ ነው። ወገቡ የተጎዳን የቀን ሠራተኛ ለሚያውቅ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም።

ይህ እንግዲህ ሕጉ በበሩ ላስገባው ሰው ነው። ከደጁ የሚመለስም አለ። እሱን ለማየት ወደ ደባርቅና ዳባት፣ ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ እንሂድ።

እዚያ መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ማሳው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ እየጠበበ ሄዷል። ስለዚህ ጎልማሳው የራሱን እርሻ አርሞ ወይም ለቤተሰቡ ትቶ «በረሃ ይወርዳል»፤ ወደ መተማ፣ ወደ ሁመራ፣ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነትና ከዚያ ወዲህ የቀጠለው አለመረጋጋት መንገዱን አከበደው እንጂ የሚያስወርደውን ችግር አላጠፋውም። ሰሊጥ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ለሀገራችን የውጭ ምንዛሪ ካስገኙ ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው።

ደገኛው ቀን ሰሊጥ ሲያጭድ ይውላል፤ ሌሊት ከማሳው ዳር፣ ከግራር ሥር፣ ከመረሬው ስንጥቅ አጠገብ ይተኛል። የአሸዋ ዝንብ የምትነክሰው ያን ጊዜ ነው። የምታስተላልፈው ካላዛር የሚባለውን በሽታ ነው፤ ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ካልታከመም ይገድላል። በ1960ዎቹ ሁመራ ላይ ከደጋ የወረዱ ሠራተኞችን የፈጀው ይኸው በሽታ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ሲገኝም፣ ከበረሃ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት አልቀሩም ተብሎ ታመነ።

ተንኮሉ ደግሞ በሽታው እስኪታይ ወራት መፍጀቱ ነው። ሰውየው ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ይጥለዋል። ያኔ ሰሊጡ ተሽጧል፤ ካቦውም ስሙን ረስቶታል።

ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና አለ፤ የተለመደው ሕክምና 17 ቀን በየዕለቱ መርፌ ነው። ኤች አይ ቪ ያለበት ከሆነ በሽታው ሊያገረሽበት ስለሚችል መከላከያውን በየወሩ ለአንድ ዓመት ያህል ሊወስድ ይችላል። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥ እንኳ ትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚው ቀለብ፣ ሳይታረስ የቀረው ማሳ በነፃ አይደለም። በሬ የሚሸጠው ለዚህ ነው።

ይህ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ አይደለም? እንደ ሕጉ፣ አይደለም። ሥራው በሚሠራበት አካባቢ ነባር የሆነ ወይም በወረርሽኝ የሚዛመት በሽታ ከሥራ እንደመጣ አይቆጠርም፤ በሽታውን ለመዋጋት የተቀጠረ ሠራተኛ ካልሆነ በቀር።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ «ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ማን እንደጎደለ ፈልጉ» እል ነበር። በዚህ አንቀጽ በሽታ አለ፣ አካባቢ አለ፣ ሥራም አለ። የጎደለው ሰውየው እንዴት እዚያ እንደደረሰ ነው። ለቆላው ነዋሪ ካላዛር የአገሩ በሽታ ሊባል ይችላል። የስሜኑ ሰው አገር ግን ብርዳሙ ደጋ ነው። ከዝንቧ ጋር ያገናኘው ሥራው እንጂ ሌላ ጉዳይ የለውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው፤ አሠሪውን ላለመንካት መሬቱን እንከሳለን።

ባለሀብቱም የሚለው አለው። «ዝንቧን እኔ አልላክኋት፤ ሰውየው በራሱ ፈቃድ መጣ፤ በሽታው ከእኔ ማሳ ይያዘው ከጎረቤቴ በምን ይታወቃል?» የመጨረሻው ነጥብ እውነት አለው። ሁለቱ ግን አያስኬዱም። በድንጋይ ካባ ውስጥ ናዳ ሲወርድ ናዳውን የላከ የለም፤ ሠራተኛውም በፈቃዱ ነው የገባው፤ ሕጉ ግን አሠሪውን ተጠያቂ ያደርገዋል። ምክንያቱም ትርፉ የሚገኘው ሰው አደጋ ባለበት ቦታ በመቆሙ ነው። ከቦታው ያተረፈ የቦታውን አደጋ ሊጋራ ይገባል።

«ከማን ማሳ» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ጀርመኖች በ1884 እ.ኤ.አ. መላ አግኝተውለታል። በአንድ ዓይነት ሥራ የተሰማሩ አሠሪዎች በጋራ እያዋጡ የተጎዳውን ሠራተኛ እንዲረዱ ሕግ አወጡ። በእኛ ቋንቋ የአሠሪዎች እድር ማለት ነው! እድር ሟቹ በማን ደጅ ወደቀ ብሎ አይጠይቅም። በእያንዳንዱ ኩንታል ሰሊጥ ላይ ጥቂት ብር ቢዋጣ ለአጎበር፣ ለማደሪያ መጠለያ፣ ቤቱ ገብቶ ለሚታመመውም የመመላለሻ ይሆናል።

አሁን ያለውስ እድር የማን ነው? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ የሚከፍለው ራሱ ገበሬው ነው። የሰሊጡ ትርፍ ቆላ ላይ ይቀራል፤ በሽታው ዳባት ይገባል፤ ወጪውን ጎረቤት ይካፈለዋል። የቀረውን ሚስትየዋ ትሸከመዋለች፤ ሰሊጡን አላጨደችም፣ ከሽያጩም የደረሳት የለም፤ አስታማሚዋ ግን እሷ ናት።