ደቦ፣ ወንፈል ወይስ የእኩል?

ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር አብሮ የሚሠራበት ደንብ አንድ ብቻ አይደለም። ደቦ ሲጠራ ጎረቤት መጥቶ ያርሳል ወይም ያጭዳል፤ ባለቤቱም አብልቶና አጠጥቶ ይሸኛል፤ ቀን ቆጥሮ የሚጠይቅ የለም። በወንፈል ግን ዛሬ አንዱ ለሌላው የዋለው ቀን ነገ በቀን ይመለሳል። የእኩል ሲሆን ደግሞ አንዱ መሬቱን፣ ሌላው በሬውንና ጉልበቱን ያቀርብና ምርቱን ይካፈላሉ። ሦስቱም ኅብረት ናቸው፤ ፍትሐቸው ግን አንድ አይደለም። ታዲያ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ዘመን የሚገቡት የትብብር ውል ከእነዚህ ከየትኛው ይመደባል? ባለጸጋውና ድሃው፣ ነባሩና ጀማሪው አብረው ሲሠሩ ፍትሐዊ የሚባለውስ ግንኙነት ምን ዓይነት ነው?

ጥያቄው በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በአገራችን የተፈጸሙ ተጨባጭ አብነቶችን እንመልከት። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1952 በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት መካከል በተደረገ ስምምነት መሠረት፣ በኋላ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተባለው ተቋም በአገራችን የከፍተኛ እርሻ ትምህርትን ለማቋቋም ተሰማራ። ሥራው በጅማ ተጀምሮ ኮሌጁ በሐረርጌ፣ በዓለማያ ተተከለ። ማስተማር፣ መመራመርና የምርምሩን ውጤት ለገበሬው ማድረስ የአንድ ተቋም ሦስት ግዴታዎች ናቸው የሚለው እምነትም አብሮ ገባ። ውሉ በ1968 አበቃ። ጎንደር ደግሞ በ1954 በተከፈተው የጤና ኮሌጅ ላይ በ1978 የሕክምና ትምህርት ሲጨመር፣ በዚያን ዘመን በካርል ማርክስ ስም ይጠራ የነበረው የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን ልኮ ረዳ። በ1990 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ሕልውናው አከተመ።

ሁለቱ እንግዶች የመጡት ከሁለት ተቃራኒ ጎራዎች ነው። ሁለቱም የላኳቸው መንግሥታት በዓለም ፖለቲካ ውስጥ ወዳጅ ማፍራት ይፈልጉ ነበር። ይህን መካድ የዋህነት ነው። ይሁን እንጂ የሰጪው ዓላማ ንጹሕ አለመሆኑ የስጦታውን ዋጋ ይሽረዋልን? አይሽረውም። በዓለማያ የተማረው ሰው ስለ ዘርና ስለ አፈር ያወቀው፣ በጎንደር የተማረው ሐኪም ስለ ሳንባና ስለ ልብ ያወቀው ነገር የሰጪው ንብረት ሆኖ አልቀረም። ጎራዎቹ ፈርሰዋል፤ ሁለቱ የትምህርት ተቋማት ግን ዛሬም ያስተምራሉ። እንግዲህ የአንድን ትብብር ዋጋ ለመመዘን ከሰጪው ልብ ይልቅ ዕውቀቱ ያረፈበትን ስፍራ መመርመር ይበጃል።

ስለ ዕውቀት ማረፊያ ሲነሣ ወጣቱን ወደ ውጭ ልኮ ማስተማር ምን እንዳስከተለ ማስታወስ ግድ ይላል። ከተላኩት ብዙዎቹ በዚያው ቀርተዋል። በ2003 በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች 11 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ቶሮንቶዎች በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለአንድ ለአንድ ወር እየመጡ ያስተምሩ ነበር። እዚህ ላይ ተጓዡ መምህሩ ነው እንጂ ተማሪው አይደለም። ተማሪው ሥራውን የሚማረው ነገ በሚያክመው ሕዝብ መካከል፣ ሕመምተኛው ጭንቀቱን በሚገልጽበት ቋንቋ ነው። የጉዞው አቅጣጫ መለወጡ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ይሁንና ትምህርቱ ለማን ነው የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በደቦ ስም የእኩል እርሻ ሊገባ ይችላል። ገንዘቡ ከአንድ ወገን ሲመጣ ጥያቄውም ከዚያው ወገን ሊመጣ ይችላልና። የአገሬው ተመራማሪ በአካባቢው የሚያየውን ችግር ትቶ ገንዘብ የተመደበለትን ርእስ ያጠናል፤ መረጃውን ሰብስቦ ያስረክባል፤ ጽሑፉ ሲታተም ስሙ ከብዙ ስሞች መካከል አንዱ ይሆናል። እኩል አራሽ የነበረ ሕዝብ የዚህን ዓይነት ክፍያ ጠባይ አይስተውም። ስለዚህ የትብብር ውል ሲቀርብ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ብር ነው?» ሳይሆን «ጥያቄውን የመረጠው ማን ነው?» የሚለው ነው።

ጥፋቱ ግን የእንግዳው ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ደቦ እየጠራ የራሱን በሬ የማይገዛ ገበሬ ጎረቤቱን ሊወቅስ አይችልም። እንግዳው አለ ተብሎ ለአገሬው መምህር ተገቢው ደመወዝ ሳይከፈል፣ ቤተ መጻሕፍቱም በስጦታ መጻሕፍት ብቻ ሲኖር፣ ደቦው ወደ ምጽዋት ይለወጣል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለዚህ ነው።

በእኛ አስተያየት ትክክለኛው መንገድ በደቦ ጀምሮ ወደ ወንፈል መሻገር ነው። የምንመልሰው ቀን የለንም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጾች የታተመው የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ባይጽፉበት ኖሮ ጎዶሎ በሆነ ነበር። ግእዙን፣ ጤፉንና እንሰቱን በማጥናት ረገድ ተማሪው እንግዳው ነው፤ መምህሩ ደግሞ አገሬው ነው።

የጊዜ ርዝመት አስፈላጊነትም ከዚሁ ይመነጫል። ወንፈል የሚጸናው ጎረቤት ነገም ጎረቤት ሆኖ ሲገኝ ነው። በአንድ ጉባኤ ላይ ተፈርሞ በመሳቢያ ውስጥ የሚቀር ውል የተዋለ ቀን ስለሌለው የሚመለስም ቀን የለውም። ርዝመት ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም፤ ጥገኝነትም ረጅም ዕድሜ አለው። በመሆኑም እያንዳንዱ ውል ሲፈረም እንግዳው መምህር ወንበሩን ለማን እንደሚለቅና መቼ እንደሚለቅ አብሮ ይጻፍ። ወንበሩን ከለቀቀ በኋላ ሁለቱ ወገኖች አሁንም አብረው ሊሠሩ ከፈለጉ፣ ያን ጊዜ ትብብሩ የእኩዮች ወንፈል ሆኗል ማለት ነው።