በኅብረት ድምፅ የተሸፈንን



እኛ የለቡ መብራት ኃይል ወጣቶች ጸሎተ ሃይማኖትን በኅብረት ስንደግም፣ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ አለ፤ የሚያውቁት ድምፅ ይሸፍነዋል። የኔታ ፊት ግን መሸሸጊያ የለም። ተማሪው ብቻውን ቀርቦ ያነባል፤ ፊደሉን ሳይለይ ወደ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስን ሳያነብ ወደ ዳዊት አይሻገርም። አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል። (አለንጋ አልነበረም አንልም!)

በ1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ በተጀመረው የክርስቲያን ትምህርት ዘዴም ልጁ የራሱን መጽሐፍ ይዞ በአቅሙ ይጓዛል፤ ልምምዱንም ከመልሱ ጋር እያስተያየ ራሱ ያርማል። መልሱ አጠገቡ ነው፤ ልገልብጥ ቢል ማን ያየዋል? ሐዋርያው በገላ. 6፥4 ስለ ራስ ሥራ ምርመራ የጻፈው እዚህ ላይ ይከብዳል።

ስለዚህ በመጪው እሑድ ተራ በተራ፣ ብቻ ብቻችንን እንድገም። እኛ አዘጋጆቹ እንቀድማለን፤ ግማሹ ላይ እንደምንሰናከል ከወዲሁ እናውቃለን።