ሽብልቁ ሲወድቅ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ አንድ እጀ ወርቅ ብረት ሠሪ ነበር። የዘይት በርሜል ምድጃ ሆኖ፣ የመኪና ፍርስራሽ የበር መቀርቀሪያ ሆኖ ከእጁ ይወጣል። ደጅ ላይ ከገበያተኛ ጋር የሚከራከሩት ሻጮቹ ደሞዛቸው በቀኑ ይደርሳቸዋል። መርካቶ ውስጥ ግን ብዙ ሱቅ ጓሮ አለው። የእሱም ጓሮ ወናፍ የሚነፋ ልጅ ነበረው፤ ገበያተኛ አይቶት አያውቅም፣ ባለሱቁም የሚያስታውሰው እሳቱ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ኤሌክትሪክ ጊታር ታቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ ይኼን በቪቴ የታሰረ ብሪጅ አንሥተው ተንሳፋፊውን ይግጠሙልኝ። አንቺሆዬን ስጫወት ድምፁን እንደ ማሲንቆ ላስለቅሰው እፈልጋለሁ።»

ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ ሲታሰር ክር ሁሉ የየራሱን ኑሮ ይኖራል። ፌንደር ኩባንያ በ1954 እ.ኤ.አ. በስትራቶካስተር ጊታሩ ያስለመደው ዓይነት ብሪጅ ግን ጠርዙ ላይ ብቻ ቆሞ ይወዛወዛል፤ እጀታውን ሲጫኑት ድምፁ ይወርዳል፣ ሲያነሡት ይወጣል።

ብረት ሠሪው እንጨቱን በመሮ ፈለፈለ፤ ሥራው የሚያስቀና ነበር። ከጀርባ የሚገቡትን አምስት ሞላዎች ሲያይ ግን፣ «ለማይታይ ነገር ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሦስቱን ሰካና ሁለቱን ኪሱ ከተተ።

ወጣቱ መቃኘት ጀመረ። ወፍራሙን ክር ሲያጠብቅ ቀጭኑ ረገበ። ቀጭኑን ሲያነሣ የተቀሩት ወረዱ። የብሪጁ ጭራ እንደ ተቆጣ ጊንጥ ተነሣ፤ አንዱ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ብረት ሠሪው መጀመሪያ መቃኛውን ረገመ፣ ቀጥሎ «የቻይና ክር!» አለ፣ በመጨረሻ ጥፋቱን በወጣቱ ጆሮ ላይ አላከከ።

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤት፣ ሚዛን ጠጋኙ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡ።

«እስቲ ገልብጠው።»

የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ ፈቱት። «ይኼማ የኔው ሥራ ነው» አሉ። «እነዚህ ክሮች ከፊት ይጎትታሉ፣ ሞላዎቹ ከኋላ ይመልሳሉ። አንዱ በጎተተ ቁጥር ሁሉም ይቀምሳታል።» እውነታቸውን ነው፤ ስድስቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ ጉልበታቸው ሲደመር ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። «ቀዳዳው አምስት ነው፣ የገባው ሦስት። ሁለቱ የት ሄዱ?»

ብረት ሠሪው ኪሱን ዳበሰ።

ሞላዎቹ ተሟሉ፣ የተበጠሰውም ክር ተተካ። ሽማግሌው ብሪጁን ልክ ጠፍጣፋ ሲሆን ያዙትና ከጀርባው፣ በብረቱና በእንጨቱ መካከል፣ ትንሽ ሽብልቅ አስገቡ። «አሁን ቃኝ። ሽብልቁ ስለያዘው አይሸሽህም።» ወጣቱ ስድስቱንም ቃኘ። ከዚያ ሽማግሌው ሞላዎቹን የሚወጥሩትን ሁለት ቪቴዎች በየተራ ሩብ ሩብ ዙር ያጠብቁ ጀመር። ማንም ሽብልቁን አልነካውም። የኋላው ጉልበት ከፊቱ ጋር ሲተካከል ጨብጦ የያዘው ጠፋና በራሱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ወጣቱ መታ፤ ቅኝቱ እንዳለ ነው። እጀታውን ተጭኖ ለቀቀ፤ አሁንም እንዳለ ነው።

ወጣቱ ከፍሎ ሄደ። ብረት ሠሪው ብሩን ሳያጥፍ ወደ ጓሮ ተጣራ። ልጁ ፊቱ ጥላሸት እንደለበሰ ብቅ አለ።

«ስማ፣ ያንተ ሒሳብ ስንት ደረሰ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ያለው ነው ጋሼ፣ ወይስ ከገና?»