ርቀት ስንት ይመዝናል?

ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ እሁድ ማለዳ በብስክሌት ስነሳ ስለ መንገዱ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። የለካው መሐንዲስ አልዋሸም። ፀሐይ ከአናቴ በላይ ስትደርስ፣ አቀበት መሀል ቆሜ እያለከለክኩ፣ ቁጥሩ ግን የምን ቁጥር እንደሆነ ጠፋኝ። የአስፋልቱ ነው? የእኔ ነው? መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚያልፈውና እኔስ አንድ 40 ኪሎ ሜትር ነው የተጓዝነው?

ከመንገዱ ዳር ጥላ ስር የተቀመጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ «አባቴ፣ ባቲ ሩቅ ነው?» አልኳቸው።

«እቺው ናት ልጄ፤ ከዚያ ጋራ ዞር ስትል።»

ጋራውን ዞርኩ። ሌላ ጋራ ነበር። እሱንም ዞርኩ።

እኛ ከተሜዎች በዚህ መልስ መሳቅ እንወዳለን። የገጠር ሰው ቅርብ ነው ካለህ ስንቅህን ያዝ እንባባላለን። እኔም ብዙ ጊዜ ስቄያለሁ። ያን ቀን ግን ለመሳቅ ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር ማሰብ ጀመርኩ፤ ሽማግሌው በእኔ መለኪያ ተሳሳቱ እንጂ በራሳቸው አልተሳሳቱም። ለእሳቸው ቅርብ ማለት ሄደው፣ ገዝተው ሸጠው፣ ማታ ጎጇቸው ገብተው የሚተኙበት ነው። ሩቅ የሚሆነው አንድ ቦታ ከመኝታቸው ሲነጥላቸው ነው። በመሐንዲሱ ሜትርና በእሳቸው መኝታ መካከል የሚፈርድ ሦስተኛ ሜትር ከየት ይመጣል?

የግሪኩ ፈላስፋ ሄራክሊተስ ወደ ላይ የሚወስደውና ወደ ታች የሚወስደው መንገድ አንድ ነው የሚል አሳብ ነበረው። በካርታ ላይ እውነቱን ነው። አማርኛ ግን ለአንዱ መንገድ ሁለት ስም አወጣለት፣ አቀበትና ቁልቁለት ብሎ። ብስክሌት የነዳ ሰው ከአማርኛው ጋር ይወግናል። እኔና ብስክሌቴ ከነጓዛችን 90 ኪሎ ያህል እንመዝናለን። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ሩቡን ያህል ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ፣ ይህን ክብደት 100 ሜትር ሽቅብ ማንሳት 80 ኪሎ ካሎሪ ግድም ይፈጃል፤ ከአንድ እንጀራ ሩብ ያህል በሉት። ታዲያ አቀበቱ የበላውን ቁልቁለቱ ይመልሳል? አይመልስም። ያን ሁሉ ላቤን ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን ይዤ ወደ ሙቀት ለወጥኩት፤ ነፋስ ወሰደው። ሽቅብና ቁልቁል የማይቻቻሉ ሁለት ሒሳቦች ናቸው። አንድ የሚሆኑት መንገዱን ከሩቅ ለሚያየው ብቻ ነው።

(ፍሬን ካልኩ አይቀር፤ ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ ካላማዳሪውም ስማቸው ከውጭ የመጣ ነው። ካላማዳሪው ከጣሊያኖቹ ነው፤ ወደ አሰብ የሚወርደውን ይህን የመኪና መንገድ የሠሩትም እነሱ ናቸው፣ በወረራው ዘመን። ወራሪው ሄደ፤ መንገዱና የጎማ ቀዳዳ መድፈኛ ቋንቋው ቀረ።)

ከብስክሌቱ ወርጄ መግፋት ከጀመርኩ በኋላ አንዲት ሴት ቀደመችኝ። በጀርባዋ የማገዶ እንጨት ተሸክማለች፤ ጎንበስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታርፍም። ሰላም አለችኝና አለፈች። በሜዳ ላይ ብስክሌት ከእግረኛ በጣም ባነሰ ጉልበት ሦስትና አራት እጥፍ ያስኬዳል፤ አሳቢው ኢቫን ኢሊች በ1970ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ይህን አስልቶ ብስክሌትን ከመኪና በላይ አወድሷል። ኢሊች ግን ይህን አቀበት አልገፋም። እዚህ ላይ ማሽኔ ጓዝ ሆነብኝ፤ እሷ እንጨቷን፣ እኔ ብስክሌቴን ተሸክመን እኩል እግረኞች ነበርን።

እንግዲህ ርቀት ከሚለካ ይልቅ የሚመዘን ነገር ነው ብዬ ልደመድም ቃጣኝ። የሸክሙ፣ የዳገቱ፣ የጉልበቱ ድምር። ይህ አሳብ ደስ ይላል፤ ደስ ማለቱ ነው ያስጠረጠረኝ። ከዚህ አንድ እርምጃ ቢቀጥሉ «ርቀት እንደ ሰዉ ነው» ወደሚል የሽርሽር ፍልስፍና ይደረሳል። ባቲ ደግሞ ይህን ለማለት የምትመች ከተማ አይደለችም። በ1977ቱ ረሃብ ከትልልቆቹ የተረጂዎች መጠለያዎች አንዱ እዚህ ነበር። ከደጋውም ከቆላውም በእግራቸው የመጡ ነበሩ፤ ሳይደርሱ የቀሩም ነበሩ። ያን ጊዜ የቀረው አምስት ኪሎ ሜትር የአስተያየት ጉዳይ አልነበረም። ባዶ ሆድ የሚከብድ ሸክም ነው፤ ከእንጨቱ የሚለየው ጥላ ስር አውርደውት ማረፍ ስለማይቻል ነው።

ልዩነቱን እዚያ ላይ አገኘሁት መሰለኝ። የእኔ አቀበት የወደድኩት ነው። ሲመረኝ ብስክሌቱን ጥዬ መኪና እጠብቃለሁ። ሴትየዋ እንጨቱን ብትጥል ማታ ምድጃዋ አይነድም። ሁለታችንም ላብ በላብ ነን፣ ግን የእኔን ላብ «ድካም»፣ የእሷንም «ድካም» ብሎ በአንድ ቃል መጥራት ያሳፍራል። ያንኑ መንገድ የሚያከብደው ዳገቱ ብቻ ሳይሆን መመለስ አለመቻል ነው።

ባቲ ሳይመሽ ገባሁ። በማግስቱ ሰኞ ነበር፣ የገበያ ቀን። ደጋው ወደ አፋር ሜዳ ሊወርድ ጫፍ የሚደርስባት ከተማ ስለሆነች አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በየፊናው ይመጣባታል፤ ግመሉ ብቻ አንድ ሜዳ ይሞላል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ባቲን የሚያውቃት ሰው የሚያውቃት በአብዛኛው በቅኝቷ ነው፤ ስሟ ከክራር ጋር ቀድሞ ተጉዟል፣ ስም ክብደት የለውምና። እኔም ከመነሳቴ በፊት ለጓደኞቼ «ሩቅ፣ ጠረፍ» ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ግመል ሊሸጥ የመጣን አንድ አፋር ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሌሊት ቆጠረልኝ፣ ሁለት ሌሊት። እኔን መልሶ ጠየቀኝ፤ አዲስ አበባ አልኩት። ከንፈሩን በኀዘኔታ መጠጠ። ከሰው ሁሉ መራቄ አሳዝኖት ነበር።

የመልሱን አቀበት አልሞከርኩትም። ማክሰኞ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ አይሱዙ ተለመነ፤ ብስክሌቱን ከጭነቱ ላይ አሰሩልኝ። ሻይ ቤት ደጃፍ የተቀመጡ ሽማግሌ «አላህ ያግራልህ» አሉኝ። መንገዱን ያሳጥርልህ አላሉም፤ ያግራልህ ነው ያሉት፣ ገር ያድርግልህ።

ገርም ሆነ። ቁርሴ ሳይወርድ ተራራው አልቆ ነበር። ጋቢና ውስጥ ሆኜ ያቺ ሴት የቀደመችኝን መታጠፊያ ልለየው ፈለግኩ። አንዱ ጠመዝማዛ ሲያልፍ እሱ ነው አልኩ፤ ሁለተኛው ሲመጣ፣ አይ ይኼ ነው አልኩ፤ ሦስተኛው ላይ ተውኩት። በጎን መስታወቱ ከኋላ የታሰረው የብስክሌቴ የፊት ጎማ ይታየኝ ነበር። አቀበቱን ሁሉ በነፋስ ይሽከረከራል።