መጠጣትና መቅመስ

መብላትና መጠጣት ለፍጥረት ሁሉ የተሰጠ ነው፤ መርምሮ መቅመስ ግን የሰው ድርሻ ነው። በሬ ከወንዝ ወርዶ ይጠጣል፤ የጠጣው ውሃ ከየትኛው ምንጭ እንደ ፈለቀ ግን አይጠይቅም። ሰው ከአፉ ያደረሰውን ነገር በምላሱ ይመረምራል፥ በአእምሮው ይፈርዳል፥ በቃሉም ያመሰግናል ወይም ይነቅፋል። ቋንቋችንም ይህን ልብ ያለው ይመስላል። ለምግብ ጣዕም እንደምንል ሁሉ ለንግግርም ጣዕም ያለው ነገር እንላለን፤ ኑሮንም መከራንም ቀመሰ እንላለን። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሰው የሚጠጣውን ጠጅ ከሚበላው ምግብ ጋር አስማምቶ፥ ልብ ብሎ መቅመሱ የጥጋበኛ ቅንጦት ነውን? ወይስ ከመልካም ጠባይ የሚቆጠር ነገር ነው?

ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። በአዲስ አበባ የወይን ጠጅ ከምግብ ጋር እየተመረጠ የሚቀርብባቸው ቤቶች ታይተዋል። በእነዚህም ቤቶች ቀዩ ለሥጋ፥ ነጩ ለዓሣ ይስማማል እየተባለ ይነገራል። ጠጪውም ከባሕር ማዶ ከመጣው ሌላ በጉደር ስም የሚጠራውን ቀይ፥ አክሱማይት የሚባለውን ጣፋጭ፥ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህም ከዝዋይ ወይን ተጠምቆ የሚወጣውን ያማርጣል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በአገራችን አነጋገር ጠጅ ብለን ዝም ስንል የማሩን ማለታችን ነው፤ የወይኑን ስንሻ ግን የወይን ጠጅ ብለን እንለየዋለን። ስለዚህ የመቅመስን ነገር ለመመርመር ከማሩ ጠጅ መነሣት የተሻለ ሆኖ ይታየኛል። ለዚህም ምክንያት የሆነኝ በጊዳ አያና ያየሁት ነገር ነው።

ጊዳ አያና ከነቀምቴ በስተ ሰሜን፥ ከዓባይ ሸለቆ በስተ ደቡብ የሚገኝ የምሥራቅ ወለጋ አገር ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አምቦንና ጉደርን አልፎ፥ በባኮ በኩል ነቀምቴ ደርሶ፥ ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከክረምት በኋላ በዚያ አገር የሚጓዝ ሰው የኑግ ማሳ አብቦ መስኩ ቢጫ ሆኖ ያያል፤ ዓይኑን ወደ ዛፎቹ ቢያነሣም በየቅርንጫፉ የተሰቀለውን ቀፎ ይመለከታል። ማሩ ከኑጉ፥ ከብሳናው፥ ከግራዋውና ከዱሩ አበባ ሁሉ የሚሰበሰብ ስለ ሆነ እንደ ወራቱና እንደ ቦታው መልኩም ጣዕሙም ይለያያል።

ዓመታት አልፈዋል። ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ በሄድን ጊዜ አምስት ሆነን ከአንዲት ጠጅ ቤት ገባን። ጥብስ አዘዝን። ባለቤቲቱ ከሁለት ጋን የተቀዳ ጠጅ በሁለት ብርሌ አቅርባ የምትሹትን ምረጡ አለችን። የመጀመሪያው ደማቅ ቢጫ፥ ወፍራምና እጅግ ጣፋጭ ነበረ። ሁለተኛው ፈዘዝ ያለ፥ ጣፋጭነቱ አነስተኛ፥ በስተ መጨረሻው የጌሾ ምሬት የሚሰማበት ነበረ። እኛም አንዴ ጎንጨት ብለን ሁለተኛውን ወደ ጎን ገፋነው፤ ስለ መጀመሪያውም ምስጋና አበዛን። እኔ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ተናገርሁ፤ በከተማ ካሉት ጠጅ ቤቶች ጋር እያነጻጸርሁም ፈረድሁ።

በማዕዘኑ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ የገፋነውን ብርሌ እንድናቀብላቸው ለመኑን። አንድ ጉርሻ ሥጋ በሉ፥ ጥቂት ጠጡ፥ ዝም አሉ፤ ደግመው ጠጡ። ኋላም በአማርኛ፥ «ልጆቼ፥ ይህ የኑግ አበባ ማር ነው፤ ከመስቀል በኋላ የተቆረጠ ነው። ያኛው ግን ንብ ያላየው ነው» አሉን። ሁላችንም ወደ ባለቤቲቱ ዞርን። እርስዋም ሳታፍር፥ «እውነታቸውን ነው፤ በዚያኛው ስኳር ይበዛል። ምን ላድርግ አባባ? እንግዶቼ የሚያመሰግኑልኝ ስኳሩን ነው» አለች። ከዚያም የማሩን ጠጅ የምትጥለው ለጥቂት ሰዎች ብቻ መሆኑን፥ ከዓመት ወደ ዓመትም እያሳነሰችው መሄድዋን ነገረችን። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ አልተለየኝም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሲሉት የሚያርም አይጠፋምና ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ልበልና፥ እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መመዘኛ በጻፈው ድርሰት ከሰርቫንቴስ መጽሐፍ ያገኘውን አንድ ታሪክ ያነሣል። ሁለት ሰዎች የአንድን በርሜል የወይን ጠጅ እንዲመረምሩ ተጠየቁ። አንዱ መልካም ነው፥ ነገር ግን ብረት ብረት ይላል አለ። ሁለተኛው መልካም ነው፥ ነገር ግን ቆዳ ቆዳ ይላል አለ። የሰማቸው ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ በተራቆተ ጊዜ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው የብረት ቁልፍ ተገኘ። ሂዩም በዚህ ሊያስረዳ የፈለገው ጣዕም የየሰው ምኞት ብቻ አለመሆኑን፥ በነገሩ ውስጥ በእውነት ያለውን የሚለይ ምላስ መኖሩን ነው። በጊዳ አያና ያገኘናቸው ሽማግሌም በርሜሉ እስኪራቆት አላስፈለጋቸውም፤ ቁልፉን በምላሳቸው አገኙት።

ከዚህ በመነሣት አንድ ነገር ለማለት እደፍራለሁ። የሚቀምስ ጠጪ ለራሱ ደስታ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ለሠሪው ምስክር ነው። ምስክር የሌለው ሐቀኛ ሠራተኛ ደግሞ ብዙ አይቆይም። እስቲ የማሩን መንገድ እንመልከት። አንዲት ሠራተኛ ንብ በዕድሜዋ ሙሉ የምታዘጋጀው ማር ከሻይ ማንኪያ 12ኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ከባህላዊው ቀፎ በዓመት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ቢሆን ነው። ማሩን የሚቆርጠው ሰው በጨለማ ከረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ፥ በጢስ ንቡን እያባረረ ነው። ጠጅ ጣይዋም ጋኑን አጥባ በወይራ ታጥናለች፥ ማሩን በውሃ ትበጠብጣለች፥ ጌሾውን ጨምራ እስኪፈላ ትጠብቃለች፥ ታጠላለች። ይህን ሁሉ ድካም አንድ ከረጢት ስኳር ሲተካው ጠጪው ካላወቀ፥ የማሩ ገበያ ይወድቃል፤ ገበያው ሲወድቅ ቀፎ የሚሰቅለው ሰው ይተዋል፤ ቀፎ የማይሰቀልበት ዛፍም ለከሰል መቆረጡ አይቀርም። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ መሆኗ ይነገራል፤ ከዚሁም ማር አብዛኛው ለጠጅ የሚውል ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ጠጪ በምላሱ የሚሰጠው ፍርድ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ የሚለው ተረት ለሰፋሪው ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ለሚሰፈርለትም ነው። ባለቤቲቱን አታላይ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን እርስዋ ሁለቱን ብርሌ ጎን ለጎን አቅርባልን ነበር፤ ውሸቱን የመረጥነው እኛ ነን።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፥ ብዙ ሰው የዕለት እንጀራ በሚቸገርበት አገር ስለ ጠጅ ጣዕም መራቀቅ አይገባም የሚል ነው። ይህ ቃል ከቅን ልብ የሚወጣ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። በእርግጥም በቀድሞ ዘመን ጠጅ የመኳንንት፥ ጠላ የሕዝብ መጠጥ ነበረ፤ በግብር አዳራሽም ምርጡ ጠጅ ለባለ ማዕርግ፥ ቀጭኑ ለበታቹ ይቀዳ ነበር። ነገር ግን ዋጋ መክፈልና መቅመስ ሁለት ነገር ናቸው። በስም የሚጠጣ ሰው ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍና የከፈለውን ገንዘብ ይጠጣል። በማዕዘን የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ገንዘባችን ያልገዛልንን ዕውቀት ይዘው ነበር፤ ያገኙትም ከአበባውና ከቀፎው አጠገብ በመኖር ነው። መቅመስ የሀብታም ሥልጣን ቢሆን ኖሮ በዚያች ቀን ያፈርነው እኛ ባልሆንን።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል። ይኸውም የመጠጥን ጣዕም ማመስገን የስካርን በር መክፈት ነው የሚል ነው። ስካር ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ፥ ስንቱን ባለ ትዳር ከልጆቹ እንዳጣላ የማያውቅ የለም። ጠጅም ለስላሳ መስሎ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ7 እስከ 11 እጅ ገደማ አልኮል ያለበት ብርቱ መጠጥ ነው። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የሚሰክር ሰው መቅመስ ካቆመ ቆይቷል። አራተኛውን ብርሌ የሚለይ ምላስ የለም። አርስጣጣሊስ ልከኝነትን በሁለት ጥፋቶች መካከል ሲያቆመው፥ በአንድ ወገን ደስታን ያለ ልክ የሚያሳድደውን፥ በሌላው ወገን ደስታን ጨርሶ የማይሰማውን አስቀምጧል። የሚቀምስ ሰው በሁለቱ መካከል ነው። ማር ሲበዛ ይመራል የሚሉት አባቶቻችንም ከዚህ የራቀ አልተናገሩም።

ጠጅን ከምግብ ጋር ማስማማትም የዚሁ የልክ ትምህርት ክፍል ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ በብርቱ መጠጥ ይብሱን ያቃጥላል፤ ጣፋጭነት ያለው ለስላሳ ጠጅ ግን ያበርደዋል። ጮማና ቅቤ የበዛበት ጥብስ ደረቁን ጠጅ ይሻል፤ የጌሾው ምሬት ቅባቱን ከአፍ ያነሣዋል፥ ቅባቱም ምሬቱን ያለዝበዋል። በወለጋ ለመስቀል በዓል ተቀቅሎ በቅቤ የሚቀርበው አንጮቴ የራሱ ጣዕም ለስላሳ ስለ ሆነ እጅግ የጣፈጠ ጠጅ ይሸፍነዋል፤ ከደረቁ ጋር ግን ሁለቱም ይሰማሉ። በዚያች ቀን ሽማግሌው አስቀድመው ሥጋውን መጉረሳቸው ያለ ነገር አልነበረም። ባዶ ሆድ ጣፋጩን ብቻ ይመርጣል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሰው ግን ዝግ ብሎ ይጠጣል፥ ዝግ ብሎ የሚጠጣም ይፈርዳል። በዚሁ ማዕድ ላይ በሃይማኖቱ ምክንያት ከመጠጥ የሚርቅ ጎረቤት ቢኖር፥ በወለጋም እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው፥ ያልፈላው ብርዝ ይቀርብለታል። የማሩን እውነትና ሐሰት ለመለየት ከጠጅ ጠጪው አያንስም።

አንድ የቆየ ልማድ ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። በጥንቱ ሥርዓት አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ከመዳፉ ላይ ጥቂት አፍስሶ ራሱ ይቀምስ ነበር። ዓላማው መርዝ አለመኖሩን ማሳየት ነው። መቅመስ በዚህ ልማድ ውስጥ የመተማመን ማኅተም ሆኖ ይታያል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት በምሥራቅ ወለጋ ብዙ ሰው ሞቷል፥ ብዙም ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ጊዳ አያናም ከዚህ ሐዘን አልዳነም። ያን ጊዜ በዚያች ጠጅ ቤት አጠገባችን ተቀምጠው በኦሮምኛና በአማርኛ ይጨዋወቱ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ወዴት እንዳሉ አላውቅም። አንዱ የቀዳውን ሌላው ያለ ጥርጣሬ የሚቀምስበት ማዕድ ከጠፋ፥ የጠጁ ደረቅነትና ለስላሳነት ምን ያወያየናል? ስለ ጣዕም መነጋገር የሚቻለው ሰዎች በሰላም አብረው ሲቀመጡ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ልብ ብሎ መቅመስ ቅንጦት የሚሆነው ለመታየት ሲደረግ ነው። የሠሪውን ድካም ለማወቅ፥ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየትና ልክን ለመጠበቅ ሲደረግ ግን ከፍትሕ ወገን ነው። የሚጠይቀውም ብዙ ነገር አይደለም፤ ከመጉረስ በኋላ ጥቂት መጎንጨት፥ ከማመስገን በፊት ጥቂት ዝም ማለት፥ ማሩ የየት አገር ነው ብሎ ባለቤቲቱን መጠየቅ ብቻ ነው።

እኔም ከጠጅ ቤቲቱ ሳንወጣ ያንን የገፋሁትን ብርሌ መልሼ ቀመስሁት። ምሬቱ አሁንም ነበረ፤ ከምሬቱ በኋላ ግን አስቀድሞ ያልሰማሁት የአበባ ሽታ መጣ። ለባለቤቲቱም ይህኛው ይሻላል አልኋት። እርስዋም ሳቅ ብላ፥ «አሁን ከተነገረዎ በኋላ ነው» አለችኝ። እውነትዋን ነበር።