ስለ መጠጥ ዓይነት መብዛትና ስለ ልክ

ሰው ሲቸግረው ልክን ከእጦት ይማራል፤ ሲተርፈው ግን ልክን ከራሱ ካላመጣው በቀር ከሌላ አያገኘውም። በድኻ ቤት ማሰሮው ራሱ ባዶ በሆነ ጊዜ «ይበቃል» ይላል፤ ማሰሮው የማያልቅ በሆነ ጊዜ ግን «ይበቃል» የሚለው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ለልብስም ለወሬም ለገንዘብም የሚሆን ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን በቢራ ነገር ጎልቶ ስለሚታይ፥ በእርሱ ምሳሌነት ቢመረመር ለሌላውም ሁሉ ይጠቅማል።

ነገሩን ከቅርብ ለመጀመር ሁሩታን መመልከት ይበቃል። ሁሩታ በአርሲ የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ዙሪያዋም የስንዴና የገብስ አገር ነው። በአርሲ ደጋ ከሚታጨደው ገብስ ለብቅል የተመረጠው ወደ አሰላ ይሄዳል፤ በዚያም በ1984 የተቋቋመው የብቅል ፋብሪካ ይቀበለዋል። (ይህም ሌላውም ዓመት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር የተነገረ ነው።) እህሉ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጥቂት ቀን ይበቅላል፤ ቡቃያው ሳይረዝም በሙቅ አየር ይደርቃል፤ ከዚያም ወደ ጠማቂዎች ይላካል። ይህን ሥራ የሁሩታ እናቶች በየቤታቸው ያውቁታል፤ ልዩነቱ የብዛት ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ስም ይዞ ከማሳው የወጣው እህል፥ በጠርሙስ ታሽጎ በመኪና ሲመለስ ብዙ ስም ይዞ ይመለሳል። በከተማዪቱ መጠጥ ቤት የተቀመጠውም ሰው፥ ለገዛ ደጃፉ እህል እንግዳ ሆኖ «የትኛውን ልዘዝ?» እያለ ያመነታል።

ይህ ብዛት ድንገት የመጣ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ በ1922 ተቋቋመ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን አዲስ ስም የሚሰማው አልፎ አልፎ ነበር። የሰበታው ሜታ አቦ በ1960ዎቹ፥ ሐረር በ1984፥ በደሌ በ1993፥ የጎንደሩ ዳሽን በ2000 ተከተሉ። በዚያ ዘመን ሰው ከጕልምስናው እስከ ሽምግልናው ድረስ የሚሰማው የቢራ ስም በአንድ እጅ ጣት የሚቈጠር ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ፈጠነ። በ2011 የሆላንዱ ሄኒከን በደሌንና ሐረርን ገዛ፤ በ2012 የእንግሊዙ ዲያጂዮ ሜታን ገዛ፤ በ2014 ዋልያ የሚባለው ወጣ፤ በ2015 ሐበሻ ከደብረ ብርሃን መጣ፤ በዚያው ሰሞን ራያ ከማይጨው፥ በ2017 ደግሞ ዘቢዳር ከጉራጌ አገር ተጨመሩ። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ጠማቂ በፊተኛው ስሙ ላይ ሌላ ስም እየጨመረ፥ አንዱን ቀላል፥ አንዱን ልዩ፥ አንዱንም አልኮል የሌለው ብሎ ያወጣ ጀመር።

አስተውሎ የተመለከተ ሰው ግን የበዛው ከመጠጡ ይልቅ ስሙ መሆኑን ያያል። ከነዚህ ቢራዎች የሚበዙት በቀዝቃዛ ጋን ተጠምቀው የሚጠሩ፥ መልካቸው ወርቅማ፥ አልኮላቸው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ የሆነ ነው። በባቪዬራ አገር በ1516 የወጣው ሕግ ቢራ ከገብስ፥ ከጌሾ መሰሉ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት አዝዞ ነበር፤ ዛሬም በኢትዮጵያ የሚጠመቁት አብዛኞቹ ከዚያ ብዙ የራቁ አይደሉም። የጌቶቹም ቍጥር ከስሞቹ ቍጥር ያንሳል፤ በደሌና ሐረር፥ ዋልያም ከአንድ ቤት ይወጣሉ፤ ሜታም በ2022 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት ለሆነው ለቢጂአይ ተሸጧል። ስለዚህ በሁለት ጠርሙስ መካከል እየተጨነቀ የሚመርጥ ሰው፥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጌታ ቀኝ እጅና ግራ እጅ መካከል መምረጡ ነው።

ታዲያ ስሞቹ ምን ይሠራሉ? ስሞቹን አንድ በአንድ መቍጠር መልሱን ይሰጣል፤ ቅዱስ አለ፥ ተራራ አለ፥ አገር አለ፥ ከተማ አለ፥ በስሜን ገደል ብቻ የሚገኝ አውሬ አለ፥ ሕዝቡ ራሱ የሚጠራበትም ስም አለ። እነዚህ ሁሉ ሰው መጠጥ ሳይቀምስ አስቀድሞ የወደዳቸው ነገሮች ናቸው። እንግዲህ ስሙ ከጠርሙሱ ላይ ሆኖ «ና፥ የራስህ ነኝ» ይለዋል። በአባቶች ዘመን እንዲህ ብሎ የሚጠራ ጋባዥ ነበር፤ ዛሬ ጋባዡ ስም ሆነ። የነገሩም ሥር ከዚህ ላይ ነው።

ብዙ ዓይነት መጠጥ መኖሩ ራሱ አዲስ ነገር አይደለምና። ጠላ ከቤት ቤት ይለያያል። አንዷ አሻሮውን አጥቍራ ታምሰዋለች፥ አንዷ ጌሾውን ታበዛለች፥ አንዷ ጋኗን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች፤ ውሃውም፥ እህሉም፥ እጁም ልዩ ልዩ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ቤት ፋርሶ የሚባለውም እንዲሁ የየቤቱ ጣዕም አለው። በአንዲት መንደር ሃምሳ ጠማቂ ሴቶች ቢኖሩ ሃምሳ ዓይነት ጠላ ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ብዛት የተጨነቀ ሰው አልተሰማም። ስለ ምን? መጠጡ ከሰው ጋራ ይመጣ ስለ ነበረ ነው። እገሌ ልጁን ሲያጋባ የእርሱ ቤት ጠላ፥ የማኅበር ቀን ሲሆን የባለተራው ቤት ጠላ ይጠጣል። ቀኑን የሚወስነው በዓሉ ነው፤ ዓይነቱን የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ የሚቀዳውን የሚወስነው አሳላፊው ነው። እንግዳው ይቀመጣል፥ ይቀበላል፥ ያመሰግናል። ጋኑም ሲያልቅ ቅራሪ ይመጣል፤ ቅራሪውም የመነሻ ሰዓት መድረሱን ያለ ንግግር ይናገራል።

እርግጥ የቀድሞውን ሁሉ ማመስገን እውነትን መተው ይሆናል። ጋባዥ «በሞቴ» እያለ የማይፈልገውን ሰው ያስጠጣ ነበር፤ በዚህም የታመመና የተጣላ ብዙ ነው። ቢሆንም «በሞቴ» የሚለው ሰው የእንግዳውን ፊት ያያል፤ ቤቱ ሩቅ መሆኑን፥ ወንዝ የሚሻገር መሆኑን፥ ሚስቱ የታመመች መሆኗን ያውቃል። ሲያጠፋም በማግሥቱ የሚወቀስ ሰው ነው። ስም ግን ፊት አያይም፤ ወቀሳም አይደርሰውም።

ጋባዡ በሌለበት ማዕድ የዓይነት ብዛት በጠጪው ላይ ሦስት ነገር ያደርጋል። በመጀመሪያ ቍጥር ያጠፋበታል። አንድ ዓይነት ብቻ ያለበት ሰው ሁለተኛውን ሲያዝ ሁለተኛ መሆኑን ያውቃል፤ ሦስተኛውም ሦስተኛ ነው። አምስት ዓይነት የቀረበለት ሰው ግን «ይህን ገና አልቀመስሁትም» እያለ አምስቱን ሁሉ አንደኛ አድርጎ ይጠጣል። አእምሮው አምስት ጊዜ አንድ ብሎ ሲቈጥር ደሙ አምስት ብሎ ይቈጥራል፤ ኪሱም ከደሙ ጋራ ይስማማል። በሁለተኛ ደረጃ ደስታውን ይቀንስበታል። የያዘውን ሲጠጣ ያልያዘውን ያስባል፤ በእጁ ካለው ይልቅ በጎረቤቱ ገበታ ላይ የቆመው ይጣፍጠዋል። በሦስተኛ ደረጃ ምላሱን ያላዋቂ ያደርግበታል። ማወቅ መመለስን ይፈልጋልና፤ አንዱን ነገር በብርድም በሙቀትም፥ በረኃብም በጥጋብም ደጋግሞ ያልቀመሰ ሰው ጣዕሙን አውቃለሁ ቢል ስሙን ማወቁ ነው።

ይህ ነገር በሩቅ አገርም ታይቷል። በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጨረሻ የቢራ ጠማቂዎች ቍጥር ከ100 ያነሰ ነበር፤ በ2021 ግን ከ9,000 አለፈ። በዚያ የበዛው ስም ብቻ አይደለም፤ ትንንሽ ጠማቂዎች ጥቍሩን፥ መራራውን፥ ጎምዛዛውን፥ በፍሬ የተጠመቀውን፥ በእንጨት በርሜል የሰነበተውን እያወጡ ዓይነቱን በእውነት አብዝተውታል። በሳምንት በሳምንት አዲስ ይወጣል፤ ቀምሶ የሚጨርሰውም ሰው አይገኝም። መጠጥን ለዕረፍት የጀመረው ሰው አዲሱን ሁሉ ለመከተል ሲሮጥ ዕረፍቱ ራሱ ሥራ ይሆንበታል። እንግዲህ የዓይነቱ ብዛት ሐሰት ቢሆንም እውነት ቢሆንም፥ ለሰው ልክ አይሰጠውም።

ምናልባት እንዲህ ብሎ የሚቃወም አስተዋይ ሰው ይኖራል፤ «ጠማቂዎች ሲፎካከሩ ገበሬው ይጠቀማል። ቀድሞ ብቅል ከባሕር ማዶ ይገዛ ነበር፤ ፉክክሩ ከመጣ ወዲህ ግን ለአርሲ ገበሬ የተመረጠ ዘር ቀረበለት፥ ገዢም አገኘ፤ በ2021ም በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን አዳዲስ የብቅል ፋብሪካዎች ተከፈቱ። ደግሞም መምረጥ የነፃ ሰው ክብር ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ጠጡ ተብሎ ከመታዘዝ ብዙ ቀርቦ መምረጥ ይሻላል።» ይህ ሁሉ እውነት ነው፥ የሚያስተባብለውም የለም። ነገር ግን ለሻጭና ለገበሬ በጎ የሆነው ሁሉ ለጠጪው ልክ ይሆነዋል ማለት አይደለም፤ አራተኛውን ጠርሙስ ለሎዴ ሄጦሳ ገበሬ አዝኖ ያዘዘ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለ ነፃነትም ቢሆን፥ ከአሥር አንዱን መምረጥ ትንሹ ነፃነት ነው፤ ትልቁ ነፃነት ከአሥሩም ተነሥቶ መሄድ መቻል ነው። ይህ ሁለተኛው የሌለው ሰው የፊተኛው ቢበዛለት፥ ገመዱ ረዘመለት እንጂ አልተፈታም።

መንግሥትም ነገሩን ሳያይ አልቀረም። በ2019 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከለከለ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላም እንዳይሸጥ አዘዘ። ይህ መልካም ነው፤ ስሙ በየቤቱ እየገባ ልጆችን ሲጠራ ዝም ማሰኘት ተገቢ ነበርና። ሆኖም ሕግ የጠሪውን አፍ ይዘጋል እንጂ በተጠሪው ልብ ውስጥ ጋባዥ ሆኖ ሊቀመጥ አይችልም። ያ ቦታ ባዶ ከሆነ ዝምታውም ይጠራል።

እንግዲህ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ሰው ለራሱ ጋባዥም እንግዳም መሆን ይገባዋል። ይኸውም እንዲህ ነው። መልካም ጋባዥ እንግዳው ሳይመጣ ማዕዱን እንደሚያሰናዳ፥ አስተዋይ ሰውም ከቤቱ ደጃፍ ሳይወጣ ቍጥሩን ይወስናል። ስሙን በኋላ ቢመርጥ አይጎዳውም፤ ቍጥሩን በኋላ እመርጣለሁ ካለ ግን ያን ጊዜ የሚመርጠው እርሱ አይደለም። በቤት ደጃፍ የልጆች ደብተርና የእህል መግዣ ይታያልና ዳኝነቱ ከዚያ ላይ የቀና ነው። መልካም ጋባዥ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እንደሚያቀርብ፥ እርሱም ለአንድ ማዕድ አንድ ዓይነት ብቻ ይፍቀድ፤ አዲሱን መቅመስ ቢወድ አዲስ ቀን ይጠብቀው። መልካም ጋባዥ ያለ ምክንያት ድግስ እንደማይደግስ፥ እርሱም «አዲስ ወጣ» መባሉን እንደ በዓል አይቍጠረው። ወዳጅ ከሩቅ ሲመጣ፥ ሥራ ሲፈጸም፥ የታመመ ሲድን በዓል ነው፤ ፋብሪካ ጠርሙሱን ሲለውጥ ግን ለፋብሪካው እንጂ ለጠጪው በዓል አይደለም።

ከዚህም ጋራ ሊረሳ የማይገባው ነገር አለ። ልክ ለሁሉ አንድ አይደለም። ለአንዱ ልኩ ሁለት ነው፤ ለአንዱ በወር አንድ ቀን ነው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆም ለማይችለው ሰው ግን ልኩ አለመጀመር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አንዷን ቅመስ፥ አዲስ ናት» ብሎ የሚጋብዝ ወዳጅ፥ ደግነት የሠራ መስሎት የወዳጁን ቤት ያፈርሳል። መልካም አሳላፊ የእያንዳንዱን እንግዳ አቅም ያውቅ ነበር፤ ለራሱ ጋባዥ የሆነ ሰውም ስለ ገዛ አቅሙ ራሱን አያታልል።

ይህ ምክር ከቢራ አልፎ ይሄዳል። መጽሐፉ፥ ወሬው፥ ልብሱ፥ ከእጅ ስልክ የሚፈልቀው ሥዕልና ጨዋታ ሁሉ እንደ ጠርሙሶቹ በየዕለቱ አዲስ ስም ይዞ ይመጣል። ያ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ከገበሬ ላብና ከጠቢብ እጅ የመጣ በጎ ነገር በውስጡ ብዙ ነው። ነገር ግን ማዕዱ በሰፋ መጠን የጋባዥ ሥራ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። የሁሩታ ገበሬ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ለዘር፥ ለቀለብና ለገበያ ብሎ እህሉን በሦስት ይከፍላል፤ ጥጋብ ስለ ሆነ መስፈሪያውን አይጥልም። በጥጋብ ዘመን መስፈሪያውን ያልጣለ፥ ክረምት ሲመጣ የሚበላውም የሚዘራውም አያጣም።